ከእኔ በፊት ማን ነካው?

ሐበሻ በተሰደደበት ከተማ ሁሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ከመተከሉና ዕድር ከመቋቋሙ፣ ደህና በርበሬ የሚያስመጣ ነጋዴም ከመገኘቱ በፊት፣ አንድ ሰው ቀድሞ ይደርሳል። ጠጋኙ ነው። ማንም አልጠራውም፣ ማንም አልሾመውም። ብቻ የአንዱ ቴሌቪዥን ይጠፋል፣ በር ይንኳኳል፣ ሲከፈት ካቻቢቴ በደረት ኪሱ የሰካ ሰው «ምን ሆነ?» እያለ ይገባል። ከዚያች ቀን በኋላ ቴሌቪዥኑ ባይድንም ሰውየው ከቤቱ አይጠፋም።

የእኛ የሎስ አንጀለሶቹ ጠጋኝ ክቡር ኢንጂነር ዓለምሰገድ ናቸው። «ክቡር» ያልነው እኛ ነን፤ «ኢንጂነር» ያለው እሱ ራሱ ነው። አንቱታውን እዚህ ላይ እንተወውና፣ ዓለምሰገድ በሥራው ታክሲ ነጂ ነው፤ የሚኖረው ራቅ ብሎ ቫን ናይስ ነው፣ እሑድ እሑድ ግን ሐበሻ የሚሰበሰብበት የፌርፋክስ ሰፈር ሰው ነው። ቅዳሴ ሲያበቃ ነጠላውን አጣጥፎ የመፍቻ ሣጥኑን ከታክሲው ትራንክ ያወጣና የተበላሸ ነገር ያለበትን ቤት ይፈልጋል። ካጣ ደህናውን ይፈታል።

አሠራሩን ያላወቀ የለም። ገና ከደጅ ሳለ «ይቺ ቀላል ናት» ይላል። ዕቃውን ከፍቶ ሆዱን ሲያይ ደግሞ ፊቱ ይጠቁራል፣ ቀስ ብሎ ቀና ይልና ባለቤቱን እንደ ዳኛ ትክ ብሎ እያየ ይጠይቃል፦ «ከእኔ በፊት ማን ነካው?» እዚህ ላይ የማይደነግጥ ሰው የለም። በባሏ የምታሳብቅ አለች፣ በልጁ የሚያመካኝ አለ፣ ራሱ ሳይነካ «ምናልባት እኔ እንደሆንኩ» ብሎ የሚናዘዝም አጋጥሟል። ከዚያ ሁሉም ተመልሶ ሲገጠም ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ብሎን ይተርፋል። ዓለምሰገድ ብሎኖቹን ኪሱ ይከትና «ፈረንጅ ብሎን ያበዛል» ብሎ እጁን ለመታጠብ ይሄዳል።

አንድ ጊዜ የወሎዬው የአብዱልባሲጥ ታክሲ ክሬንሾው ጎዳና ላይ ቆመበት። ዓለምሰገድ በፀሐይ የሞተሩን እኩሌታ አውርዶ አስፋልቱ ላይ ደረደረው። «እውነቱን ንገረኝ አብዱልባሲጥ፤ ከእኔ በፊት ማን ነካው?» «ወላሂ ማንም አልነካውም!» አለ አብዱልባሲጥ፤ «ከትናንት ጀምሮ ቤንዚን እንኳ አልነካውም።» የሸዋረጋን ምግብ ቤት ፍሪጅ የጠገነ ጊዜ ደግሞ ፍሪጁ ማቀዝቀዙን ትቶ ማሞቅ ጀመረ። ሸዋረጋ ብልህ ናት፤ አሁን ሊጧ ቶሎ ኩፍ እንዲልላት እዚያ ውስጥ ታሳድረዋለች። ባልድዊን ሂልስ የሚኖረው ሐኪማችንም የሰጠው ቪዲዮ ማጫወቻ አለ፤ እሱን አናንሳው፣ ገና አልተገጠመም።

ታዲያ ዓለምሰገድ ራሱን አያውቅም ብላችሁ እንዳትስቱ። ከማናችንም ይልቅ ያውቃል። አዲስ አበባ ሳለ ሬዲዮ ጥገና ቤት ሠርቻለሁ የሚለው እውነት ነው፤ ሥራው ግን ሻይ ማመላለስ ነበር። ባለቤትየው ሬዲዮ በከፈቱ ቁጥር «ከእኔ በፊት ማን ነካው?» ሲሉ፣ ባለሬዲዮው ክው ሲልና ሳይከራከር ሲሄድ አይቷል። የቀረውን ሙያ ለማየት ሻዩ ጊዜ አልሰጠውም። እሑድ ማታ በፍሪዌዩ ወደ ቫን ናይስ ሲመለስ ይቺ ነገር ትዝ ትለዋለች፤ ብቻውን መሪውን ይዞ «አይ ኢንጂነር!» እያለ በራሱ ይስቃል። ግን መጠራት ይወዳል። «ጋሼ ዓለምሰገድ፣ እባክህ ቶሎ ድረስ» የሚል ድምፅ ሲሰማ ዓሥር ዓመት ከላዩ ላይ ይወርድለታል። በዚህ የሚስቅበት ካለ መጀመሪያ ራሱን ይይ።

እንግዲህ የፕሪንተሩ ነገር የመጣው በፈረንጆቹ ሰማንያ ሰባት ነው። ያኔ ቤቱ ኮምፒዩተር ያስገባ ሐበሻ ዝሆን የገዛ ያህል ይወራለት ነበር። ሰርክ ግን አስገባች። ሰርክ ማታ ፓርኪንግ ውስጥ ገንዘብ ትቀበላለች፣ ጠዋት ኮሌጅ ትማራለች፣ ከፌርፋክስ ጀርባ ባለች አፓርታማ ከእናቷ ከእትዬ ለተማርያም ጋር ትኖራለች። ኮምፒዩተሩን ከነፕሪንተሩ ወደ ሌላ ከተማ ከሚዛወር አስተማሪ ላይ አሮጌውን ገዛችው። የገጠመላት ማን እንደሆነ መቼም አይጠፋችሁም። ዓለምሰገድ በአንድ ቀዳዳ ብቻ የሚገባ ኬብል ቀዳዳው ውስጥ አስገብቶ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ምሳውን በልቶ ሄደ።

በሳምንቱ እሑድ ሰርክ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ያዘችው። ዓይኗ ቀልቷል።

«ጋሼ ዓለምሰገድ፣ ፕሪንተሩ አበደብኝ!»

«ይቺ ቀላል ናት» አለ፤ ምን እንደሆነ ገና ሳይሰማ።

«ቀላል አይደለችም! ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፔፐሬን ማስረከብ አለብኝ። አስተማሪዋ በእጅ የተጻፈ አትቀበልም፤ አንዴ ቀን ጨምራ ኤክስቴንሽን ሰጥታኛለች፣ ሁለተኛ የለም ብላለች። ሶ ካላስረከብኩ ኮርሱን ፌል አደረግሁ፤ ናርሲንግ መግባቱም ቀረ ማለት ነው። ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ደግሞ ሺፍት አለኝ፣ ከዚያው ነው ክላስ የምሄደው።»

እሑድ ነውና ኮሌጁ ዝግ ነው። ሌላ ፕሪንተር ያለው ሐበሻ እኛ አናውቅም። ሰርክ ከአንድ ሰው በቀር የምትይዘው አልነበራትም፤ እሱም ሣጥኑን አንስቶ ከፊት ከፊቷ ይሄድ ነበር።

የሰርክ ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዳንቴል ነው። እትዬ ለተማርያም ልጃቸው ዘንድ ከመጡ ወዲህ እጃቸው ከኪሮሹ ተለይቶ አያውቅም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል፤ ስልኩ፣ የሶፋው ክንድ፣ ማይክሮዌቩ ሁሉ ለብሷል። ፕሪንተሩም እንደ ታቦት ተሸፍኖ ነበር፤ ያውም ከሁሉ በሚበልጥ፣ ረዥም ዘርፍ ዙሪያውን በሚንጠለጠልበት ነጭ ዳንቴል።

«ጎረቤታችን ፅጌ መጥታ ‹ውይ ሲያምር!› አለችው» አሉ እትዬ ለተማርያም። «ዓይኗን ታውቀው የለ? ራቁቱን ተቀምጦ አየችው። እኔም በማግስቱ አለበስኩት።»

«ደግ አደረጉ እትዬ» አለ ዓለምሰገድ። ሳይንስ ሳይንስ ነው፣ የፅጌ ዓይን ደግሞ የፅጌ ዓይን ነው።

ሰርክ ዳንቴሉን ወደ ኋላ ገልብጣ ማሽኑን አስነሳችው። ፕሪንተሩ ዝርርር እያለ እየተመላለሰ ይጽፋል፣ ወረቀቱ ግን ንቅንቅ የለም። መስመር በመስመር ላይ፣ ገጽ በገጽ ላይ እየደረበ አንድ ቦታ ላይ ጠቆረ፣ ጠቆረና ወረቀቱ ተበሳ።

«አየህ?» አለች ሰርክ። «ስንት ገጽ ጽፌ አንድ መስመር አወጣልኝ!»

ዓለምሰገድ አየ። ምንም አልገባውም። መጀመሪያ መታ መታ አደረገው፤ ቀጥሎ እፍ አለበት። አጠፋው፣ አበራው። ኬብሉን ነቅሎ ቀዳዳውን በአንድ ዓይኑ አየና መልሶ ሰካው። ቀለም ያለበትን ሪበን አውጥቶ ሲያስገባ ጣቶቹ ጠቆሩ፤ በዚያው ጣት ግንባሩን አሸና ግንባሩም ጠቆረ። ሰርክ ማኑዋሉን ስታቀብለው በክብር ተቀብሎ ገለጠ። የመጀመሪያው ገጽ ይህን ማሽን በመግዛትዎ እንኳን ደስ ያለዎት ይላል። ከዚህ ገጽ አልፎ የሄደበት ማኑዋል በሕይወቱ የለም፤ «አመሰግናለሁ» እንደማለት ራሱን ነቅንቆ ዘጋው።

«ጠበል ልርጭበት?» አሉ እትዬ ለተማርያም።

«ኧረ በስመ አብ! እትዬ፣ ውሃ አይወድም!»

«ጠበል ውሃ ነው እንዴ?»

እትዬ ለተማርያም ዝም ብሎ ማየት አላስቻላቸውምና ጎንበስ ብለው የተጨማደደውን ወረቀት ሊያቃኑ እጃቸውን ዘረጉ።

«እማዬ! በማርያም፣ አትንኪ!» ብላ ጮኸች ሰርክ። «አንቺ የነካሽው ሁሉ…»

አልጨረሰችውም፤ ግን ሦስቱም ሰምተውታል። ባለፈው ሳምንት እናቷ ትሪ ማይክሮዌቭ ውስጥ አስገብተው ቤቱ በብልጭታ ተሞልቶ ነበር። ከዚያ በፊትም የሰርክን የሱፍ ሹራብ በፈላ ውሃ አጥበው ለአሻንጉሊት የሚሆን አድርገውታል። እትዬ ለተማርያም እጃቸውን ሰበሰቡ። ሄደው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፣ ኪሮሹንም ወለሉ ላይ አኖሩት።

«እውነትሽን ነው ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «እዚህ አገር እጄ ሁሉን ያበላሻል። ከእንግዲህ አጣጥፌው እቀመጣለሁ።»

ሰርክ ከንፈሯን ነከሰች። ይቅርታ ልትል ፈልጋ ሰዓቷን አየችና ዩኒፎርሟን ልትተኩስ ወደ ጓዳ ገባች። የምታስረክበው ጽሑፍ ርእስ አረጋውያንን በቤት ውስጥ ስለመንከባከብ ነበር፤ ይህን ያወቅነው በኋላ ነው።

ዓለምሰገድ ካቻቢቴውን አወጣ። የፈራ ሰው ይፈታል፤ እሱም በጣም ስለፈራ ክዳኑን፣ የክዳኑን ክዳን፣ ከጎን ያለውንም ሁሉ ፈታ። ነገ ሁለት ሰዓት፣ ናርሲንግ፣ የልጅቷ ቀይ ዓይን በጭንቅላቱ ይዞራል። «አሁንስ ጉድህ ፈላ፣ ሻይ አመላላሹ» እያለ ራሱን ሰደበ። ከዚያ ወረቀቱን ዳር ዳሩ ባለው ቀዳዳ እየያዘ የሚስበውን ባለጥርስ ጎማ ሊያዞር ሞከረ። እምቢ አለው። ፊቱን አስጠግቶ አየ።

ክር ነው። ነጭ የጥጥ ክር ጎማው ላይ ጥምጥም ብሎ ጥርሶቹን አንቆ ይዟቸዋል። በነጩ ወረቀት ሥር ስለሆነ ለዓይን አይታይም። በፒንሳው ጎትቶ ሲያወጣው ጫፉ ላይ ትንሽ፣ ያማረች ዘርፍ ተንጠልጥላ መጣች።

እግዜር ያሳያችሁ፤ ዓለምሰገድ በጠጋኝነት ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የእውነት ምክንያት አገኘ! ቤንዚን ያለቀበት አይደለም፣ ራሱ የሰበረው አይደለም፣ አንድ ማሽን ታሞ የበሽታውን ሥር በገዛ እጁ ነቅሎ ይዞታል። በዓይኑ የሸዋረጋን ምግብ ቤት አየ፤ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ እሱ መሀል ቆሞ ሲተርክ፣ አብዱልባሲጥ አፉን ከፍቶ ሲሰማ። «አገኘሁት!» ሊል አፉን ከፈተ።

ከፍቶም ቀረ። ወደ ኋላ የተገለበጠው ዳንቴል አንድ ጥጉ ላይ ዘርፉ ተበጥሷል። ከዚያ ባሻገር እትዬ ለተማርያም ተቀምጠዋል። እንዳሉትም እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈዋል። ዓለምሰገድ እነዚያን እጆች ሥራ ፈተው አይቷቸው አያውቅም።

ሰርክ ዩኒፎርሟን ለብሳ ወጣች። «አገኘኸው?»

«አገኘሁት።»

«ምንድን ነው? ደግሞ ዛሬ ያንን ጥያቄህን እኔ ልጠይቅህ፤ ካንተ በፊት ማን ነካው?»

እትዬ ለተማርያም ቀና አሉ። ፊታቸው የጥፋተኛ ፊት ነው፤ ፍርዱን ቀድመው ያወቁ ይመስላሉ።

ዓለምሰገድ ክሩን በግራ እጁ ጨብጦ ቀኝ እጁን ኪሱ ከተተ። ኪሱ መቼም ብሎን አያጣም። የሸዋረጋ ፍሪጅ ይሁን የአብዱልባሲጥ ታክሲ ያልታወቀ አንድ ብሎን አወጣና ከፍ አድርጎ አሳያት።

«ይቺ ናት» አለ። «ባለፈው እሑድ ኬብሉን ስሰካ ከኪሴ ወድቃ ጥርሱ ውስጥ ተወሽቃ ኖራለች። ማንም አልነካውም ሰርክ። እኔ ነኝ የነካሁት።»

ይህን ቃል ከዓለምሰገድ አፍ የሰማ ሰው እስከዚያን ቀን አልነበረም።

«አንተ ነህ?» አለች ሰርክ። «በእናትህ ጋሼ! ከትናንት ጀምሮ ሳለቅስ የዋልኩት ባንተ ብሎን ነው?»

«በእኔ ብሎን ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ምን ታደርጊዋለሽ፣ ጠጋኝ ብለሽ የጠራሽው እኔን ነው።»

ገጠመው። ሰርክ አስነሳችው፤ ወረቀቱ በቀዳዳዎቹ እየተሳበ፣ መስመር እየተከተለ፣ ገጽ ገጽ እየሆነ ከፊት ወጣ። ሰርክ ከደስታዋ ብዛት ቁጣዋን ረስታ ጥቁር ግንባሩን ሳመችው። እንደተለመደው አንድ ብሎን ተርፎ ነበር። ዓለምሰገድ ስለ ፈረንጅ አንዳች ሳይናገር ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተው።

«አንድ ነገር ደግሞ» አለ ሣጥኑን እየዘጋ፣ ድምፁን እንደ ሐኪም አድርጎ። «ይህ ማሽን ሲሠራ መተንፈስ አለበት። ፕሪንት ስታደርጊ ልብሱ ሙሉ በሙሉ ይነሳ እንጂ ወደ ኋላ አይገልበጥ። ሲጨርስ ይልበስ፤ ዓይን አለ። አንቺ ግን ሥራ ይበዛብሻል፣ ትረሺዋለሽ። ኃላፊነቱ የእትዬ ለተማርያም ይሁን፤ እሳቸው ሳያነሱለት ማንም እንዳይነካው።»

«እኔ?» አሉ እትዬ ለተማርያም።

«እርስዎ ነዎት እንጂ ሌላ ማን አለ? ልብሱን የሰፉለት እርስዎ።»

እትዬ ለተማርያም ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ኪሮሹን ከወለሉ አነሱ።

ሰርክ ጽሑፏን አስረከበች፣ ኮርሱንም አለፈች። ዓለምሰገድ ግን አላለፈም። እሷ ለሸዋረጋ ነገረች፣ ሸዋረጋ ለምግብ ቤቱ ሁሉ ነገረች፤ ሳምንት ሳይሞላ «ብሎን ከኪሱ ይዘራል» ተባለ። የአንዱ አምፖል ሲቃጠል «ዓለምሰገድ ነክቶት ይሆናል» ይባል ጀመር። አብዱልባሲጥ ሲያየው የታክሲውን ኮፈን በእጁ ደገፍ ማድረግ አመጣ፤ ሐኪሙም ቪዲዮ ማጫወቻውን በላስቲክ ከረጢት ሰብስቦ ወሰደ። ሳቅንበት፤ እኔም ስቄያለሁ። እሱ ከፋው፣ አልደበቀም። በፍሪዌዩ ወደ ቤቱ ሲሄድ «በዕድሜህ አንዴ ብታገኝ፣ እሱንም ዋጥከው» አለ ለራሱ። ቀጥሎ የእትዬ ለተማርያም ኪሮሽ ትዝ አለውና ብቻውን ፈገግ አለ።

ስሙን ለማደስ አንድ ዘዴ አሰበ፤ «ማንኛውንም ዕቃ እጠግናለሁ» የሚል ማስታወቂያ አሳትሞ ፌርፋክስ ላይ ሊለጥፍ። በእንግሊዝኛ የጻፈችለት ሰርክ ናት። እሑድ ከሰዓት ሊያሳትም ቢሄድ የሰርክ ቤት በሰው ተሞልቷል። የሠርግ ጥሪ የያዘ አለ፣ ሬዙሜ የያዘ አለ፣ ሸዋረጋም አዲሱን ሜኑዋን ይዛ ቆማለች። እትዬ ለተማርያም ፕሪንተሩ አጠገብ ወንበራቸውን ተክለው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሰውን በተራ ያስተናግዳሉ። «ቆይ፣ አሁን ነው ያረፈ፤ ይተንፍስ» ይላሉ። ሁሉም ኦኬ ብሎ ይጠብቃል እንጂ የሚከራከራቸው የለም።

የዓለምሰገድ ተራ ደረሰ። ፕሪንተሩ አዲስ ዳንቴል ለብሷል። ከአሮጌው የበለጠ ያምራል፣ ጠርዙም ጥብቅ ብሎ ተሠርቷል። ዘርፍ ግን የለውም። በዚያ ቤት ካለው ዳንቴል ሁሉ ዘርፍ የሌለው እሱ ብቻ ነው። ዓለምሰገድ ዳንቴሉን አየ፣ ቀና ብሎ እሳቸውን አየ።

እትዬ ለተማርያም እጃቸውን ዳንቴሉ ላይ ጫኑ። ፊታቸውን አጠቆሩና ራሱ ዓለምሰገድ እንደሚያደርገው ትክ ብለው አዩት።

«ከእኔ በፊት ማን ነካው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዓለምሰገድ ግን አልሳቀም።

«እኔ ነኝ እትዬ» አለ። «ሌላ ማን ይሆናል?»

እትዬ ለተማርያም ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ።

«ውሸታም» አሉና ዳንቴሉን አነሱለት።